ከቤተ ልሔም እስከ መሻገሪያው

እናቴ ከነጋዴው ከአሕመዲን ጋር ልትጠፋ መሆኗን የደረስኩበት በ1979 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውስጥ ነው። ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ነኝ ያወቅሁት። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ከክፍሉም አንደኛ ነበርኩ። እንዲህ ያለች ልጅ ደግሞ የማታውቀው ነገር ያለ አይመስላትም።

የምንኖረው ንፋስ መውጫ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ሁለት ክፍል ባላት የቆርቆሮ ቤት ነበር። እናቴ መሰለች ጥጥ እየፈተለች ለሸማኔ በመሸጥ ነው ያሳደገችን። አባታችን በ1969 ከሚሊሺያው ጋር ዘምቶ በዚያው ቀርቷል። ወንድሜ ዋሴ አሥራ ዘጠኝ ሞልቶታል፤ ድጓ ሊማር ቤተ ልሔም የቆሎ ትምህርት ቤት ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው። በዓመት አንዴ ለፋሲካ ይመጣል፣ ዶሮውን ጨርሶ ይሄዳል። እናቴ እሱን ትወደዋለች፣ እኔን ትልከኛለች። ያን ጊዜ ቤታችንን የማየው እንደዚህ ነበር።

አሕመዲን ሦስት በቅሎዎች ነበሩት። ከንፋስ መውጫ ጨውና ሳሙና ጭኖ ወደ እስቴ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ ገበያ ይወርዳል፣ ሲመለስ ጥጥ ያመጣል። እናቴ ጥጥ የምትገዛው ከእሱ ስለሆነ በወር አንዴ ቤታችን ብቅ ይል ነበር። በዚያ ታኅሣሥ ግን በሳምንት ሁለቴ መምጣት ጀመረ፤ ጥጥም ይዞ አልነበረም። ከትምህርት ቤት ስገባ ወሬያቸውን ያቆማሉ። «ደጌ፣ ትምህርት እንዴት ነው?» ይለኛል፤ እናቴ ደግሞ ውኃ ቅጂ ብላ ትልከኛለች፣ እንስራው ግን ሙሉ ነው። ሙሉውን እንስራ አይቼ እሷን አያለሁ፤ እሷ እንዝርቷን ታያለች።

ጎረቤታችን አስካለ ይህን ሁሉ በአጥር ቀዳዳ ትከታተል ነበር። አንድ ቀን ጠራችኝና «እናትሽ ዘንድሮ እንግዳ አበዛችሳ!» አለችኝ።

«ጥጥ ሊያመጣ ነው» አልኳት።

«ጥጡ የታለ?» አለችና ሳቀች። እስከ ማታ ድረስ ጥጡን ስፈልግ ዋልኩ፤ ከአልጋው ሥር ሳይቀር አየሁ።

በዚያው ሳምንት ቀበሌው በር ላይ የስም ዝርዝር ተለጠፈ። ከዝርዝሩ ሰባተኛው የወንድሜ ስም ነበር። ስሙ በታይፕ ተጽፎ፣ ማኅተም ታትሞበት ሳይ ደረቴ ተነፋ። ለክፍሉ ልጆች ሁሉ ነገርኩ፤ «ወንድሜ ቤተ ልሔም ነው፣ ዲያቆን ነው፣ አሁን ደግሞ ስሙ ወጣለት» እያልኩ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት እንዝርቱን አስቀመጠች።

«የት እንዳለ ለማን ነገርሽ?»

«ለሁሉም» አልኳት ኮርቼ።

እንዝርቱን መልሳ አላነሣችም። ደስ አላላትም ብዬ ተቀየምኳት። ዝርዝሩ የብሔራዊ ውትድርና መሆኑን አንብቤያለሁ፤ ግን ውትድርና ማለት ለእኔ በሰልፍ ቀን የምናየው ጥሩ ጫማ ነበር። እሷ አንዱን ሸኝታ ያልተመለሰላት ሴት መሆኗን አላሰብኩም።

የማኅበራዊ ሳይንስ መምህራችን ይርጋ ይባላል። ቀጭን፣ ጠመኔ እጁን የሚያሳክከው ሰው ነበር። በዚያ ዓመት የአውራጃችንን ካርታ በትልቅ አቡጀዲ ላይ ሣለልን። ወንዞቹ በሰማያዊ፣ እግር መንገዶቹ በነጠብጣብ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ በመስቀል ምልክት ናቸው። ከታች በኩል መስፈርቱ ተጽፏል፤ በካርታው ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር፣ በመሬት ላይ አንድ ኪሎ ሜትር። «መንገድ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ አይሄድም» አለን መምህር ይርጋ። «ክር ታመጣላችሁ። ክሩን በመንገዱ ጥምዝምዝ ላይ ታስተኙታላችሁ፤ ከዚያ ቀጥ አድርጋችሁ በማስመሪያ ትለኩታላችሁ።»

ክር ደግሞ የእኛ ቤት ሲሳይ ነው። ከእናቴ ቁራጭ ክር ስጠይቃት ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«መንገድ ልለካበት።»

«ታዲያ ገመድ አምጪ በይኛ!» ብላ ሳቀች። ስለ ካርታው ስነግራት ግን ሳቋ ቆመ። ስለ ትምህርቴ አንድም ቀን ጠይቃኝ የማታውቅ ሴት ቀረብ ብላ ተቀመጠች። «መንገዱ እንደተጠማዘዘ ነው የሚለካው ወይስ በቀጥታ?»

«እንደተጠማዘዘ።»

«ቁልቁለቱንስ ያውቃል?»

አሰብኩ። ጨርቁ ዝርግ ነው። «ቁልቁለት አያውቅም» አልኳት።

«እሱን እኔ አውቅለታለሁ» አለች እንደ ራሷ ነገር።

በነጋታው ቅዳሜ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ሚካኤል እንሂድ አለችኝ። «በጨርቅሽ ላይ ስንት ነው?» ስትለኝ ሁለት ሴንቲ ሜትር አልኳት። መቁጠሪያዋን አውጥታ፣ ፍሬ በፍሬ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያለች መሄድ ጀመረች። አርባ አንዱ ፍሬ ሲያልቅ አንድ ጣቷን ታጥፋለች። ላናግራት ስል በእጇ ዝም ታሰኘኛለች። ሚካኤል ስንደርስ ደጁን ተሳለመች እንጂ አልገባችም፤ ጣቶቿን እያየች ተመለሰች። እሑድ ደግሞ ከከተማው በታች ያለውን ቁልቁለት ወረድን፣ ዳገቱን ወጣን፣ እንደገና ወረድን። ማገዶ አልለቀምን፣ ዘመድ አልጠየቅን። ሰው ሰላም ሲለን እናቴ ባንገቷ ብቻ ትመልሳለች።

ሰኞ ዕለት እየፈተለች ለራሷ ስታጉተመትም ሰማኋት። «ለአንዱ ኪሎ ሜትር ሜዳው ዘጠኝ ዙር። ቁልቁለቱ ስምንት። ዳገቱ አሥራ ሦስት።»

እግሯን እያለማመደች ነው አልኩ በልቤ። ሩቅ ልትሄድ ነው።

ዛሬ ሳስበው ያፈዘኛል። ፊደል ያልቆጠረች ሴት፣ ሰዓት በሌለው ቤት ውስጥ፣ የመምህር ይርጋን ኪሎ ሜትር ወደ ጸሎት ዙር ለውጣዋለች። ያውም ሜዳውን፣ ቁልቁለቱንና ዳገቱን ለይታ። አንዲት ሴት ከሰው ባል ጋር ለመኮብለል ይህን ሁሉ እንደማትለፋ አሁን ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን በየቀኑ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ አገኝ ነበር፤ ፀጉሯን ተሠርታ ብትመጣ ማስረጃ ነው፣ ሳትሠራ ብትቀርም ማስረጃ ነው።

ቁርጡን የሰማሁት ማክሰኞ ነው። እንስራውን ይዤ ወጣሁና ውኃ ሳልሄድ ከቤቱ ጀርባ ጭቃው በተሰነጠቀበት በኩል ጆሮዬን ለጠፍኩ። የአሕመዲን ድምፅ ዝቅ ያለ ነው፤ የሰማሁት ግማሽ ግማሹን ነው።

«ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሻገሪያው ጋ ነኝ፣ እት መሰለች። ቀድሞ መድረስ የለም፣ ዘግይቶም መድረስ የለም። እዚያ ቆሞ የተገኘ ሰው ይጠየቃል።»

«ከቤተ ልሔም ተነሥቶ በአንድ ቀን ይደረሳል?»

«በአንድ ፀሐይ ካልተደረሰ ነገሩ ይቀራል። መንገድ ላይ ማደር አይሆንም፤ አካባቢው ሁሉ ጠባቂ ነው።»

ከዚያ እናቴ የተናገረችውን አልሰማሁም። ስትናፈጥ ግን ሰማሁ፤ እያለቀሰች ነበር። አሕመዲን «አላህ ያውቃል፣ ከልጄ ለይቼ አላይም» አለ። የማን ነገር እንደሆነ ለመጠየቅ እንኳ አልተጨነቅሁም። ስለ እኔ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ሊያባብላት፣ ልጅሽን በኋላ እናመጣታለን ሊላት ነው ብዬ።

ረቡዕ ጠዋት ደብተሬን ይዤ ልወጣ ስል እናቴ በሩ ላይ ያዘችኝ።

«ከቤተ ልሔም እስከ ወንዙ መሻገሪያ ለኪልኝ። በትልቁ መንገድ እንዳይሆን። ከሸንተረሩ ጀርባ በምትሄደው በእግር መንገዷ።»

«ለምን?»

«ከእስቴ ጥጥ ላመጣ አስቤ ነው። ለማንም አትንገሪ፣ ደጌ። ለአስካለም፣ ለመምህርሽም።»

ጥጥ ለማምጣት ከቤተ ልሔም ምን ያስነሣል? ነገሩ ወዲያው ተገጣጠመልኝ። መጀመሪያ ዋሴን ልትሰናበት ቤተ ልሔም ትሄዳለች፤ ከዚያ ወደ ወንዙ ትወርዳለች፤ አሕመዲን በበቅሎ ያሻግራታል። ዋሴን ስማ ትሄዳለች፣ እኔ አስካለ ቤት እቀራለሁ። ከመሄዷ ይልቅ እሱን ተሰናብታ እኔን ሳትሰናበት መሄዷ አንገበገበኝ።

ምሳ ሰዓት ክፍሉ ባዶ ሲሆን ከካርታው ፊት ቆምኩ። ክሩን በነጠብጣቧ ላይ አስተኛሁት፤ ሸንተረሩን ዞርኩ፣ ሁለት ሰማያዊ መስመር ተሻገርኩ፣ ገደሉን ወረድኩ። ማስመሪያው ላይ ዘረጋሁት። አሥራ ሰባት። ደግሜ ለካሁ። አሥራ ሰባት።

አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ለእናቴ እግር ምንም አይደለም። ይህን ቁጥር ይዤላት ከገባሁ ዓርብ ዕለት እናት የለኝም። አሥር ልጨምርበት አሰብኩ፤ ግን አገሩን ታውቀዋለች፣ አታምነኝም። ሁለት ብጨምር ደግሞ አያስቀራትም። አምስት መረጥኩ። አምስት የሚታመን ውሸት ነበር።

«ሃያ ሁለት» አልኳት ስገባ።

«ሃያ ሁለት?» ግንባሯ ተቋጠረ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«ሁለቴ ለካሁት።» እውነቴን ነው፤ ሁለቴ ለክቻለሁ።

መቁጠሪያዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የሽንብራ ፍሬ እየደረደረች ረጅም ጊዜ ቆጠረች። ፊቷ ሲጠቁር አየሁ። ተሳካልኝ አልኩ። ሩቅ ነው፣ በአንድ ፀሐይ አይደረስም፣ ነገሩ ይቀራል። መንገድ የራቀበት ሰው ቀድሞ መነሣት እንደሚችል አእምሮዬ ውስጥ አልገባም።

በማግሥቱ ሐሙስ አንድ የቤተ ልሔም ተማሪ ቁራሽ ለመለመን እኛ ደጅ መጣ። እናቴ በሶ ቋጥራ ሰጠችውና ጆሮው አጠገብ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ነገረችው። የነገረችውን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው፤ «ዋሴን፣ ነገ ጥላህ ዘጠኝ ጫማ ሲሆን ወደተነገረህ ቦታ ተነሥ በለው» ነበር ያለችው። የቤተ ክህነት ልጆች ሰዓት የሚያውቁት በጥላቸው ነው። ፀሐይ ላይ ቆመው፣ የጥላቸው ጫፍ ያረፈበትን ምልክት ያደርጉና በገዛ እግራቸው ይለኩታል፤ አንድ እግር አንድ ጫማ ነው። ጠዋት ጥላ ረጅም ነው፣ ወደ ቀትር ሲሄድ ያጥራል። እኔ አሥራ ሰባት ብያት ቢሆን ኖሮ፣ ጥላህ ስድስት ጫማ ሲሆን ተነሥ ትለው ነበር።

ዓርብ ሆዴን አመመኝ ብዬ ከትምህርት ቤት ቀረሁ። አልጋው ላይ ተኝቼ በአንድ ዓይኔ እናቴን እጠብቃለሁ። ነጠላዋን ስታነሣ ተነሥቼ በሩ ላይ ልተኛባት ወስኛለሁ። እሷ ግን እየፈተለች ነው። ክሩ በእጇ ላይ ይበጠሳል፣ ትቀጥለዋለች፣ ይበጠሳል። የነቢያት ጾም ስለነበር አለመብላቷ አላስገረመኝም። ያስገረመኝ በየጊዜው ወደ ደጅ መውጣቷ ነው። ፀሐይ ላይ ትቆማለች፣ በጥላዋ ጫፍ ላይ ጠጠር ታስቀምጣለች፣ ከዚያ ተረከዟን ከጣቷ እያገናኘች ትለካለች። ትገባለች፣ ትፈትላለች፣ ደግሞ ትወጣለች።

ለመሄድ ጊዜ እንዳላት እያየች ነው አልኩ። ቀኑ እየሄደባት ነው፤ ይሂድባት።

ከቀትር በኋላ ጥላዋ ወደ ሌላው ወገን ዞሮ ረዘመ። አንድ ጊዜ ወጥታ ለካችና በዚያው ቆመች። ፊቷን ወደ ምዕራብ፣ ወደ እስቴ በኩል አዙራ ሦስት ጊዜ አማተበች። ከዚያ ገብታ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠችና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ወር ሙሉ አፍና የያዘችው ትንፋሽ ይመስላል። «ተነሽ፣ እንብላ» አለችኝ።

ቀረች! ከአልጋው ዘልዬ ተነሣሁ። ሳትልከኝ እንስራውን አንሥቼ ወንዝ ወረድኩ፣ ተመልሼ ደጁን ጠረግሁ፣ እግሯን አጠብኩ። «ምን ነክቶሻል ዛሬ?» አለችኝና ሳመችኝ። ሁለታችንም እየሳቅን በላን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ቀን መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ እሷም የተደሰተች ይመስለኛል። እሷ ልጇን ያሻገረች፣ እኔ እናቴን ያስቀረሁ መስሎን ነበር።

አሕመዲን የመጣው ሰኞ ነው። በቅሎዎቹን አላራገፈም። ኮፍያውን አውልቆ ደፉ ላይ ቆመ።

«ግባ እንጂ» አለችው እናቴ። «ተሻገረ?»

እሱ እኔን አየ። እንስራው ጋ ልትልከኝ ይገባ ነበር፣ ረሳችው።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበርኩ፣ እት መሰለች። ወላሂ ደቂቃ አላጓደልኩም። ዘቦቹ የሚቀያየሩት በዘጠኝ ነው፤ ያኛው ሲሄድ ይኸኛው እስኪመጣ ሰው አይኖርም ብዬሽ አልነበር? ልጁ ቀድሞ ደርሷል። ከአንድ ሰዓት በላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ አገኙት አሉ። እኔ ቁልቁለቱን ስጨርስ እነሱ ዳገቱን ይዘውት እየወጡ ነው። እጁን ወደ ኋላ አስረውታል።»

«ዋሴን?» አልኩ እኔ።

እናቴ አልጮኸችም። «ቀድሞ ደረሰ?» አለች ቀስ ብላ። «ምነው ቀድሞ? ምነው?» ጣቶቿን ማጠፍ ጀመረች። «ሜዳው ዘጠኝ። ቁልቁለቱ ስምንት … ቁልቁለቱን አብዝቼበት ነው። ወጣት እኮ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ይሮጣል። በእኔ እግር ቆጠርኩለት። እኔ ነኝ! በእኔ እግር ቆጠርኩለት፣ አሕመዲን!»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እንስራውን አንሥቼ ወጣሁ። አሥራ ሰባት የሚለውን ቃል ለማንም አልተናገርኩም።

ዋሴ ከማሠልጠኛው አንድ ደብዳቤ ጻፈልን፤ ለእናቴ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ወደ ሰሜን እንደሚሄዱ፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ለፋሲካ እንደሚመጣ ይላል። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። በ1983 መንግሥት ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት በእግሩ በከተማችን ሲያልፍ እናቴ መንገድ ዳር ቆማ የእያንዳንዱን ፊት አየች። ለሚጠጣ ውኃ ሰጠች፣ ለሚቀመጥ ቦታ ሰጠች፣ ዋሴ ታምሬ የሚባል ታውቃለህ እያለች ጠየቀች። ሰኔ አልቆ ክረምቱ ሲገባ መንገዱ ባዶ ሆነ።

ከዚያም በፊት፣ ከዚያም በኋላ፣ ያን ከከተማው በታች ያለውን ቁልቁለት ትወርድ ነበር። መቁጠሪያዋን ይዛ፣ ብቻዋን። አንዴ በዝግታ፣ አንዴ እየሮጠች፤ አንዴ የጎረቤት ጎረምሳ ለምና ከፊቷ አስኬደችው። ሰው ንስሐ ተሰጥቷት ነው ይል ነበር። የት እንደተሳሳተች እየፈለገች እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ተከትያት ወርጄ የማላውቀው ለዚህ ነው።

አሁን እናቴ ሰማንያ ሊሞላት ነው፤ ደብረ ታቦር እኔ ዘንድ ትኖራለች። ጉልበቷ ከደከመ ቆይቷል። ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥቼላት ተቀምጣ ሳለ፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ምን እያልሽ ነው አላልኳትም። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ አሥራ ሰባት ነበር» አልኳት። «ሃያ ሁለት አልነበረም። አምስቱን እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

የምለውን ለማስረዳት ከሠላሳ ሰባት ዓመት በፊት መጀመር የሚያስፈልግ መስሎኝ ነበር። አላስፈለገም።

«ቁልቁለቱ ስምንት ልክ ነበር?» አለችኝ።

«ልክ ነበር፣ እማዬ። ሁሉም ልክ ነበር።»

ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋ ሲወርድ አልጠረገችውም፤ እኔም ልጠርግላት አልደፈርኩም። «ለምን?» አለች።

«ከአሕመዲን ጋር ጥለሽኝ የምትሄጂ መስሎኝ።»

«ከአሕመዲን?» ከት ብላ ልትስቅ የጀመረች መሰለኝ፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረ። «ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር?»

ስትቆጣኝ ጠብቄያለሁ፣ ስትረግመኝም ጠብቄያለሁ፤ ለሁለቱም ተዘጋጅቼ ነው የነገርኳት።

«አልነግርሽም ነበር» አለች በመጨረሻ። «ቀበሌውን እንኳ አውቅበት ነበር፣ ደጌ። በዚያ ቤት የምፈራው የአንቺን አፍ ነበር።»

ይህን ስትለኝ እጄን ይዛ ነበር፤ የያዘችኝ መቼ እንደሆነ አላስተዋልኩም።